የጓያ መርዝ ፍሬው ውስጥ የት ነው ያለው?

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲጠባ በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ፣ በሲያደብርና ዋዩ፣ በእንሳሮ ያለው መረሬ መሬት የጠጣውን ውኃ ገና አልለቀቀም። ጓያ የሚዘራው ያኔ ነው። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ አረምም ብዙ አያሳስበውም። ዝናቡ ቢቆረጥ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል፣ ውኃ ቢተኛበትም ይችላል። ሽምብራውና ምስሩ ሲከዳ ጓያ አይከዳም። ገለባው ለከብት ነው፤ ከፍሬው ሩብ ያህሉና ከዚያም በላይ ፕሮቲን ነው። የአየር ንብረት ተለዋወጠ፣ ዝናቡ አይታመንም በሚባልበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰብል እጅ ላይ መኖሩ እንደ ትልቅ ሀብት መቆጠር ነበረበት።

የማይቆጠርበት ምክንያት የታወቀ ነው። ጓያ ይሰብራል። ድርቅ ሲመጣና ጎተራው ውስጥ ሌላ እህል ሲጠፋ፣ ከሚበላው ሲሶ ያህሉና ከዚያ በላይ ጓያ ብቻ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ፣ ከቤተሰቡ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጎረምሳው ወንድ ልጅ፣ አንድ ቀን ጉልበቱ ይከዳዋል። እግሩ ይደርቃል፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ መሄድ ይጀምራል፣ ሲብስ ያለ ምርኩዝ መቆም ያቅተዋል። ጉዳቱ አይመለስም፤ መድኃኒትም የለውም። አእምሮው ግን ንጹሕ ነው፤ ሕመሙ የሚገድለው መራመድን ነው። በአገራችን ይህን በሽታ በሳይንስ መንገድ ካጠኑት ቀዳሚዎች አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ኋላም ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታ የደረሰውን ወረርሽኝ ተከታትሎ ማን በምን ዓይነት አበላል እንደተጎዳ መርምሯል።

የሚሰብረው ነገርም ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ለይተው ያወጡት ቤታ ኦዳፕ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው። በተፈጥሮው አሚኖ አሲድ ነው፤ ግሉታሜት የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ አስመስሎ ይገባና ሴሉን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል። ይኸው ሞለኪውል ዴንሲቺን በሚል ስም በቻይና ባህላዊ ሕክምና ደም ለማቆም በሚሰጥ ሥር ውስጥም ይገኛል። ዕፅዋት ለእኛ ብለው መርዝ ወይም መድኃኒት አይሠሩም፤ የሚሠሩት ለራሳቸው ነው፣ እኛ ነን የምንከፍለው።

እስከዛሬ ላቦራቶሪዎች ስለዚህ ሞለኪውል ሲጠይቁ የኖሩት «ስንት?» ብለው ነው። አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ብዙ አገር ያሉ የዘር ተመራማሪዎች ኖረውበታል። ፍሬው ይፈጫል፣ በአልኮልና በውኃ ይጨመቃል፣ በአልካሊ ይቀቀላል፣ ከዚያ ቀለም የሚያወጣ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ የቢጫው ድምቀት በስፔክትሮፎቶሜትር ተለክቶ ከመቶ ይህን ያህል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው ይህ ዘዴ ዛሬም አልተተወም። ውጤቱ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በርበሬው አንዴ ከተፈጨ በኋላ ኮረሪማው ከየትኛው ወገን እንደገባ እንደማይጠየቅ ሁሉ፣ የተፈጨ ጓያም መርዙ ገለፈቱ ላይ ይሁን ክኩ ውስጥ ወይስ የምትበቅለዋ ነጥብ ላይ ሊናገር አይችልም።

ታዲያ የት እንዳለ ማወቁ ለምን ይጠቅማል? ለዚህ ድንችን ማየት ይበቃል። ድንችም መርዝ አለው፤ ሶላኒንና ቻኮኒን የሚባሉ ግላይኮአልካሎይዶች። መንዝም አንኮበርም ድንች ሲበላ የሚኖረው መርዙ ስለሌለ አይደለም፤ አብዛኛው ልጣጩ ላይ፣ ፀሐይ ነክቶት የለመለመው ቦታ ላይና የሚያጎነቁልበት ዓይን አካባቢ ስለሚከማች ነው። ቢላዋ የያዘ ሰው ልጦና ዓይኑን ጎርጉዶ ይጥለዋል። የመርዙ መቀመጫ ስለታወቀ ችግሩ ወጥ ቤት ውስጥ አለቀ። ስለ ጓያ እንዲህ ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር አንዲቱን ፍሬ ሳይፈጩ ውስጧን ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ኢሜጂንግ የሚባለው ዘዴ የሚገባው። ማስ ስፔክትሮሜትር ራሱ አዲስ አይደለም፤ የሞለኪውሎችን ክብደት የሚመዝን መሣሪያ ነው። ሞለኪውሉ በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዝ ይደረግና አዮን ይሆናል፣ ከዚያ ባዶ አየር ውስጥ ይበራል፣ እንደ ክብደቱና እንደያዘው ሙል መጠን ይለያል። አስቸጋሪው ነገር ትልልቅና ለስላሳ ሞለኪውሎችን ሳይሰባብሩ ወደ አየር ማንሳት ነበር። ጀርመኖቹ ካራስና ሂለንካምፕ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማልዲ የሚባለውን መንገድ አበጁ፤ ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካም በተቀራራቢ የሌዘር ዘዴ ፕሮቲን አንስቶ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋሪ ሆነ። ከዚህ ወደ ምስል የነበረው መንገድ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሪቻርድ ካፕሪዮሊና ባልደረቦቹ ሌዘሩን አንድ ቦታ ከመተኮስ ይልቅ ስስ የሕዋስ ቁራጭ ላይ ነጥብ በነጥብ እያስኬዱ እያንዳንዱን ነጥብ መዘኑ። የተመረጠ አንድ ክብደት በየነጥቡ ምን ያህል እንደታየ ሲሣል ካርታ ይሆናል። ቀለም መቀባት፣ ፀረ እንግዳ አካል ማጣበቅ፣ ምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ መወሰን አላስፈለገም፤ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ካርታቸው ይወጣል።

አሁን አንዲት ጓያ ወስደን ሂደቱን እንከተል፤ ምክንያቱም ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚያምረው ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው። ፍሬዋ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ጠርዛማ፣ ደረቅና ጠንካራ። እንዳለች በምላጭ ቢቆርጧት ትፈነጠራለች። ትለስልስ ብሎ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ደግሞ አይታሰብም፤ ኦዳፕ ውኃ የሚወድ ሞለኪውል ስለሆነ ፍሬው ሲርስ ከቦታው ይነቃነቃል፣ የምንሥለውም ካርታ የተፈጥሮው ሳይሆን የዘፈዘፍነው ይሆናል። ስለዚህ በጄላቲን ወይም ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ በሚባል ሙጫ ትከበብና ትቀዘቅዛለች። በሐኪም ቤት ፓቶሎጂ ክፍል የተለመደው የማቀዝቀዣ ሙጫ ለዚህ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ፖሊመር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የሌላውን ሁሉ ድምፅ ይውጣል። ከዚያ ክሪዮስታት በሚባለው፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ በሚሠራው መቁረጫ፣ ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ይወጣል። ደረቅ ፍሬ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል፤ ክኩ ከገለፈቱ ይለያያል፤ ይህን ለመከላከል ከመቁረጡ በፊት ላዩ ላይ ተለጣፊ ፕላስተር ይደረግና ቁራጩ ከፕላስተሩ ጋር አብሮ ይነሳል። ብርጭቆው ላይ ካረፈ በኋላም ከክፍሉ አየር እርጥበት እንዳያዘንብበት ወዲያው በቫኪዩም መድረቅ አለበት። አንድ ጠብታ ጤዛ የሁለት ቀን ድካም ያጠፋል።

ቁራጩ ላይ ማትሪክስ የሚባል ኬሚካል በስሱ ይረጫል። ማትሪክሱ የሌዘሩን ብርሃን ይቀበልና እየተነነ የፍሬውን ሞለኪውሎች ይዞ ይነሳል። ለተክል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ዲኤችቢ የሚባለው ነው። እዚህም ሚዛን አለ፦ አረጫጨቱ ደረቅ ከሆነ ከሕዋሱ ሞለኪውል አይወጣም፣ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሞለኪውሉ ይፈሳል። ከዚያ ሌዘሩ ይጀምራል። አምስት በአራት ሚሊ ሜትር የሆነን ቁራጭ በየ50 ማይክሮ ሜትሩ ብንተኩስበት 8,000 ነጥብ ይሆናል፤ በየ10 ማይክሮ ሜትሩ ከሆነ 200,000። እያንዳንዱ ነጥብ ሙሉ የክብደት ዝርዝር ይዟል። የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር ላፕቶፕ እንዳልሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ከግሬሃም ኩክስ ላቦራቶሪ የወጣው፣ ዴሲ የሚባለው ዘዴ ሌዘርም ማትሪክስም አይፈልግም፤ ሙል የያዘ የአልኮል ጭጋግ በቀጥታ ቁራጩ ላይ ይነፋል፣ ሥራውም ገላጣ አየር ላይ ይካሄዳል። ምስሉ ከማልዲ ይልቅ ደብዛዛ ነው። ለቅጠል ግን ጥሩ ብልሃት አለው። ቅጠል ላዩ ሰም ስለሆነ ጭጋጉ አይዘልቀውም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ቴፍሎን ወይም ወረቀት ላይ ተጨፍልቆ አሻራው ይመረመራል።

ዘዴው ለዕፅዋት ምን አስገኘ ለሚል ሰው ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሥራ የጥጥ ፍሬን ከፍቶ ሲያይ ስቡ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አሳየ፤ ክኩና ቡቃያ የሚሆነው ዘንግ የተለያየ የስብ ዓይነት ይዘዋል። ፈጭተው ሲለኩት የኖሩት የጥጥ ዘይት አንድ ነገር ይመስል ነበር። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች በማዳጋስካር ፔሪዊንክል ላይ ያገኙት ነው፤ ከዚህ ተክል ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የሚባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ይወጣሉ። ተክሉ ለመድኃኒቱ መነሻ የሚያደርጋቸው አልካሎይዶች የሚባሉ ሞለኪውሎች ግንዱ ውስጥ በየቦታው የተበተኑ ሳይሆኑ ተለይተው የተቀመጡ ጥቂት ሴሎች ውስጥ ተከማችተው ተገኙ። ስለ መርዝና መድኃኒት ካነሳን ተክሉ ራሱን እንዳይጎዳ ዕቃውን ዘግቶ የሚያስቀምጥበት ጓዳ እንዳለው ያሳያል። ይህን ማንም ከተፈጨ ቅጠል ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ወደ ጓያችን እንመለስ። ወጥ ቤት ውስጥ ጓያ ብዙ መንገድ አለው፤ ሁሉም መንገድ ደግሞ ስለ መርዙ መቀመጫ የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል። ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለፈቱ በሰፌድ ይነፋል፤ መርዙ ገለፈቱ ላይ ቢሆን ኖሮ መንፋቱ ብቻ ግማሹን ሥራ ይሠራ ነበር። ተከክቶ በብዙ ውኃ ሲነከርና ውኃው ሲደፋ ትልቁ የመርዙ ክፍል አብሮ እንደሚወጣ ከብዙ ሙከራ ይታወቃል፤ አብረውት የሚሄዱ ጠቃሚ ነገሮችም አሉ። ሙሉው ፍሬ ቢነከርስ? ውኃው ገለፈቱን አልፎ እስከ መሀል ክኩ ድረስ ስንት ሰዓት ይወስድበታል? ሌሊቱን ቢያድር የወጣው ከዳር ዳሩ ብቻ ነው ወይስ ከመሀልም? ይህ በቁጥር ሳይሆን በካርታ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ከዜሮ፣ ከሦስት፣ ከስድስትና ከአሥራ ሁለት ሰዓት መዘፍዘፍ በኋላ የተቆረጡ አራት ፍሬዎች ጎን ለጎን ቢታዩ እናቶች «ሌሊት ይደር» የሚሉት ምክር ትክክል መሆኑ ወይም በቂ አለመሆኑ በዓይን ይታያል። ሽሮ ላይ ግን ሌላ ነው። አንዴ ከተፈጨ በኋላ የሚደፋ ውኃ የለም፤ ዱቄቱ የያዘውን ይዞ ድስት ውስጥ ይገባል። የሽምብራና የባቄላ ዋጋ ሲንር ገበያ ላይ የሚሸጠው ሽሮ ውስጥ ጓያው ምን ያህል እንደሆነ ገዢው በዓይኑ መለየት አይችልምና ነገሩ የገጠር ብቻ አይደለም።

እሸቱ ደግሞ የተለየ ጣጣ ነው። ከደላንታው ጥናት ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ጓያን ጥሬውን በእሸቱ የሚበሉት፣ ቀቅለውም ቆልተውም እንዳለ የሚመገቡት የበለጠ ሲጎዱ፣ ከእህል ጋር ደባልቀው የሚበሉት አደጋው ቀለል ይልላቸዋል። እሸት የሚበላው ደግሞ ማን ነው? ከብት ጥበቃ ሜዳ የዋለ ልጅ ነው። ኦዳፕ በተክሉ ውስጥ ባለበት የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ለጋ በሆነው አካል ላይ ይበዛል፣ ፍሬ ሲይዝ ወደ ፍሬው ይሄዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ፍሬ ፎቶ ሳይሆን ከአበባ እስከ ድርቀት የተከታታይ ሳምንታት ካርታ ነው።

የዘር አሻሻዮችም ከዚህ የሚያገኙት አለ። በአገራችን ዋሴ የሚባል ኦዳፑ ዝቅ ያለ የጓያ ዝርያ ተለቋል። ነገር ግን የኦዳፕ መጠን በዘሩ ብቻ አይወሰንም፤ ድርቅ ያበዛዋል፣ ዚንክ የጎደለው አፈር ያበዛዋል። አንድ ጣቢያ ላይ ዝቅተኛ ተብሎ የተመሰከረለት ዘር ሌላ መረሬ ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጓያ በብዛት የሚበላው ደግሞ በድርቁ ዓመት መሆኑ ነገሩን መራራ ያደርገዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚያጓጓኝ ሌላ ነው፦ ጓያ ውስጥ ሆሞአርጂኒን የሚባል፣ ለልብና ለደም ሥር ይጠቅማል ተብሎ የሚጠና አሚኖ አሲድም በብዛት አለ። የሁለቱ ክብደት ስለሚለያይ አንድ ቁራጭ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ማየት ይቻላል። ቦታቸው የተለያየ ከሆነ አንዱን አውጥቶ ሌላውን የሚያስቀር አዘገጃጀት መፈለግ ትርጉም ይኖረዋል፤ አንድ ቦታ ከሆኑ ግን ያ ተስፋ ያበቃል፣ ጉዳዩም ሙሉ በሙሉ የዘር አሻሻዩ ይሆናል።

እስካሁን መሣሪያውን አሞገስኩ። አሁን ደግሞ ስለሚያስትበት።

የመጀመሪያው ወጥመድ እጅግ የሚያሳፍር ዓይነት ነው። ሙል የያዘው ኦዳፕ ክብደቱ 177.05 ነው። ከላይ የጠቀስኩት ማትሪክስ ዲኤችቢ ሶዲየም ሲይዝ ክብደቱ 177.02 ነው። ማትሪክሱ የተረጨው ቁራጩ ሁሉ ላይ ነው፤ ሶዲየምም በየሕዋሱ አለ። ጥራቱ ዝቅ ያለ መሣሪያ ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢያነባቸው የሚወጣው ካርታ የመርዙ ሳይሆን የተረጨው ማትሪክስ ይሆናል፤ ያማረ ካርታም ይሆናል። መፍትሔው ኦርቢትራፕን የመሰለ፣ ተቀራራቢ ክብደቶችን የሚለይ ረቂቅ መሣሪያ መጠቀም፣ ወይም ማትሪክሱን ለውጦ በአሉታዊ ሙል በ175 መፈለግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተገኘውን አዮን እዚያው ሰባብሮ ስብርባሪው የኦዳፕ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። ኦዳፕ ሁለት መልክ አለው፤ የሚሰብረው ቤታና ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው አልፋ። የሁለቱ አቶሞች አንድ ናቸው፣ ክብደታቸውም አንድ ነው። ክብደት ብቻ የሚመዝን መሣሪያ ሊለያቸው አይችልም። ሙቀት ደግሞ ከቤታው የተወሰነውን ወደ አልፋ ይቀይራል። እንግዲህ የታመሰ ጓያ ቁራጭ ላይ «ኦዳፑ እንዳለ ነው» የሚል ካርታ ቢወጣ ማመሱ አልረዳም ማለት ላይሆን ይችላል። የድሮው የቀለም ዘዴም ሁለቱን አብሮ ስለሚቆጥር ይህ ዕዳ የአዲሱ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ለመለየት የቁራጩ ጎረቤት የሆነው ሌላ ቁራጭ ተጨምቆ ክሮማቶግራፊ በሚባለው፣ ተመሳሳይ ሞለኪውሎችን እየለየ በሚያወጣው ዘዴ መመርመር አለበት። ይህን ሳያደርግ የወጥ ቤት ምክር ለመስጠት የሚቸኩል ጽሑፍ ቢመጣ አትመኑት።

ሦስተኛው ስለ ቀለሙ ነው። በእነዚህ ምስሎች ላይ ቀይ የሆነው «ብዙ»፣ ሰማያዊ የሆነው «ጥቂት» ይመስላል። ነገር ግን ሞለኪውል ከስታርች መሀል ሲነሳና ከዘይት መሀል ሲነሳ እኩል አይነሳም፤ ጎረቤቱ ሞለኪውል የኤሌክትሪክ ሙሉን ይሻማዋል። ቡቃያ የሚሆነው ዘንግ ደማቅ፣ ክኩ ደብዛዛ ሆኖ ቢታይ መጠኑ ስለተለያየ ነው ወይስ ሕዋሱ ስለተለያየ? ለዚህ ኦዳፕን የመሰለ፣ በከባድ አይሶቶፕ (ዓይነቱ ያው ሆኖ ክብደቱ በጨመረ አቶም) ምልክት የተደረገበት ሞለኪውል እኩል ቁራጩ ላይ ይረጭና ደማቅነቱ በእሱ ይካፈላል። ያልተካፈለ ቀለም መጠን አይደለም። ቀለሙን የመረጠውም ሶፍትዌሩ እንጂ ፍሬው አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ይህ ሁሉ ከሰሜን ሸዋ ጋር ምን አገናኘው? አንድ ሰው ለደብረ ብርሃን ይህን ማሽን እንግዛ ቢል እኔ እቃወማለሁ። ዋጋው አይደለም ብቻ፤ ከዋጋው በላይ ዓመት ከዓመት የሚፈልገው የጥገና ውል፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ ናይትሮጅንና ባለሙያ አለ፤ አንዱ የጎደለ ዕለት ማሽኑ የአቧራ ማረፊያ ይሆናል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ሽፋናቸውን እንደለበሱ ሲያረጁ ያላየ ሰው በአገራችን የምርምር ቤቶች አልዞረም። ለአካባቢው የሚሻለው የቀለሙን ዘዴ በአግባቡ የሚሠራ አነስተኛ ላቦራቶሪና ማሽኑ ካላቸው ጋር በእኩልነት መሥራት ነው። አካባቢው በእጁ ያለውን ሀብት ግን ማሽን የገዛ ሁሉ አያገኘውም፦ መረሬው፣ በየቤቱ ለትውልድ ሲመረጥ የኖረው ዘር፣ በየምጣዱ ያለው የአዘገጃጀት ልዩነት። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲው እዚያው ናቸው።

ደረቁ ፍሬ በፖስታ ቢላክም አይበላሽም፤ ለዚህ ቀላል ነው። አስቸጋሪው እሸቱ ነው። ከማሳ እንደተቀጠፈ ሕይወት አለው፤ ኢንዛይሞቹ ይሠራሉ፣ ውኃው ይንቀሳቀሳል፣ ሰዓታት ሲያልፉ ካርታው ይለወጣል። እዚያው ማሳው ዳር ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ወይም በደረቅ በረዶ ላይ ካልቀዘቀዘ ዋጋ የለውም፤ ከእነዋሪ ከተማ ደግሞ እስከሚመረመርበት ድረስ አንዴም ሳይቀልጥ መድረስ አለበት። ሕፃናቱን የሚመለከተው ናሙና ይኸው አስቸጋሪው ነው። ገንዘብ ካለ ለማሽን ሳይሆን ለዚህ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይውጣ ባይ ነኝ።

ናሙና ከአገር ሲወጣ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦት (አግኝቶ ስለ መጠቀም) የወጣ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ይህን እንደ ወረቀት ጣጣ የሚያዩ ተመራማሪዎች አሉ። የጤፉ ነገር ግን ቅርብ ነው፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘው ፓተንት ሄግ በሚገኝ ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም የተባለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ እስከዚያ ዓመታት አልፈዋል። ካርታ ሲሆን ደግሞ የሚሄደው ፍሬው ብቻ አይደለም። አንድ ቁራጭ ላይ የተነሳው መረጃ ዛሬ ያልተጠየቁ መቶ ሞለኪውሎችን ይዞ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ነገ ሌላ ሰው ከዚያው ፋይል ሌላ ነገር ሊፈልግበት ይችላል። ስምምነቱ ላይ ፍሬው ብቻ ሳይሆን ፋይሉም መጻፍ አለበት፣ ቅጂውም አገር ውስጥ መኖር አለበት።

ለመጀመር የሚበቃው ሙከራ ትንሽ ነው። ከአንድ ገበሬ ጎተራ የአገሩ ዘር፣ ከጎኑ በዚያው ማሳ የበቀለ ዋሴ። ከእያንዳንዱ ጥሬው፣ ተከክቶ የተነከረው፣ እንዳለ የተነከረውና የታመሰው፤ ሁሉም የቤቱ እመቤት በለመደችው ሰዓትና እሳት፣ ላቦራቶሪ በደነገገው አይደለም። ፍሬዎቹ እኩል ለሁለት ይከፈሉ፤ ግማሹ እዚህ ተፈጭቶ በቀለሙ ዘዴ ይለካ፣ ግማሹ ይቆረጥና ካርታው ይነሳ፣ ከጎኑ ያለው ቁራጭ ቤታና አልፋው በክሮማቶግራፊ ይለይ። የስምንቱም ዓይነት ቁራጮች አንድ ብርጭቆ ላይ ይረፉ፣ በአንድ ቀን ይረጩ፣ በአንድ ሌዘር ይተኮሱ። በተለያየ ቀን የተነሱ ካርታዎች በቀለም አይወዳደሩም።